ዳዊት ይቅር ተባለ፤ ኦርዮስ?

ዛሬ ያለ ምክንያት ከፍቶኝ ዋለ። የጎደለብኝ ነገር የለም፣ ክፉ ያናገረኝ ሰውም የለም፤ ብቻ ከእንቅልፌ ስነሳ ሆዴ ባብቶ ነበር። እማዬ እንደ ልማዷ ዳዊቷን ትደግማለች። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እሰማታለሁ። መዝሙር 50 ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል፤ «ተሣሀለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ»። ከዚያ ጸሎት ጋር ነው ያደግሁት። ዛሬ ግን «አንተን ብቻ በደልሁ» የሚለው ቦታ ላይ ልቤ ተያዘ። ኦርዮስ?

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስናወራው ግን ከሰገነቱና ከምትታጠበዋ ሴት ከቤርሳቤህ አናልፍም። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ነገሥታት ለጦርነት በሚወጡበት ወራት ዳዊት ኢየሩሳሌም ቀርቷል፤ ሠራዊቱ ከጦር አዛዡ ከኢዮአብ ጋር የአሞናውያንን ከተማ ረባትን ከቧል። ቤርሳቤህ ማርገዟን ስትልክበት ባሏን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠራው። ስለ ውጊያው ጠየቀው፣ ወደ ቤትህ ሂድና እግርህን ታጠብ አለው። ኦርዮ አልሄደም። ታቦቱና ሠራዊቱ ድንኳን ውስጥ፣ ጓዶቼ ሜዳ ላይ እያደሩ እኔ ቤቴ ገብቼ ልበላ፣ ልጠጣ፣ ከሚስቴ ጋር ልተኛ ነው? አለና በንጉሡ ደጅ ከአገልጋዮቹ ጋር አደረ። ዳዊት አሰከረው፤ ሰክሮም አልሄደም። ኬጢያዊ ነው እንግዲህ፣ ከባዕድ ወገን የመጣ። የንጉሡን ሕዝብ ሕግ ከንጉሡ ይልቅ የጠበቀው እሱ ነው።

በነጋው ዳዊት ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈ፤ የላከው በራሱ በኦርዮ እጅ ነው። ኦርዮን ውጊያው በሚበረታበት ፊት አቁሙት፣ ከኋላው ሽሹ፣ ተመትቶ ይሙት። እዚህ ላይ ስደርስ መንገዱን አስባለሁ። ከኢየሩሳሌም ወርዶ፣ ዮርዳኖስን ተሻግሮ፣ ወደ አሞን አገር እስኪወጣ ድረስ የሞት ፍርዱን ይዞ ተጓዘ። ዳዊት እንደማይከፍተው ያውቃል። የሚገድልበት ሌላ መንገድ መፈለግ አላስፈለገውም፤ የሰውየው ታማኝነት በቃው። ከሁሉም የከፋብኝ ይኸ ነው፣ ከዝሙቱም ይብሳል።

ብቻውንም አልሞተም። አብረውት ሌሎች ወታደሮች ወድቀዋል፤ የእነሱ ስም እንኳ አልተጻፈም። ዳዊት ለኢዮአብ የመለሰለት ቃል፣ ሰይፍ አንዴ ይህን አንዴ ያን ያጠፋልና ነገሩ አይክፋህ የሚል ነው። ያ ዳዊት እኮ ነፍሱን ሲያሳድድ ለኖረው ለሳኦል ልብሱን ቀዶ ያለቀሰ፣ «ኃያላን እንዴት ወደቁ» ብሎ ሙሾ ያወረደ ሰው ነው! ለኦርዮ ግን አንድ ስንኝ አልወጣውም። ያለቀሰችለት ሚስቱ ናት።

ከዚያ በኋላ ልጁ እስኪወለድ ድረስ ዝምታ ነው። በእነዚያ ወራት ዳዊት በዙፋኑ ተቀምጦ የሰው ጉዳይ ይዳኝ ነበር ማለት ነው። ነቢዩ ናታንም የመጣው ክስ ይዞ ነው፦ ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ፣ የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው አረዳት። ያቺ በግ ከድሃው እንጀራ የምትበላ፣ ከዋንጫው የምትጠጣ፣ በብብቱ የምትተኛ ነበረች። ዳዊት ቱግ አለ፤ ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል አለ። «ያ ሰው አንተ ነህ»።

«እግዚአብሔርን በደልሁ» አለ። ናታንን አላሰረውም፣ አላስገደለውም። ይህን አላቃልልበትም፤ ሥልጣን ላይ ሆኖ ይህን አንድ ቃል መናገር ስንቱን አቅቶታል? በመዝሙሩ አናት ላይም ለመዘምራን አለቃ ተብሎ ተጽፏል። ንጉሡ ውርደቱ ሕዝብ ፊት እንዲዜም ሰጠ ማለት ነው። ግን እዚያው አናት ላይ የቤርሳቤህ ስም አለ፣ የናታን አለ፤ የኦርዮ የለም። እኔ ኦርዮን የማገኘው ወደ ታች ወርጄ፣ «ከደም አድነኝ» የሚለው ጋ ነው።

ይቅርታውን እንደተቀበለ አምናለሁ። የማይለቀኝ አፉ ነው። አምኖን እህቱን ትዕማርን ሲደፍራት ዳዊት እጅግ ተቈጣ ይላል፤ ከቁጣ አላለፈም። በኵር ልጁን ስለወደደ ነው ይባላል። እኔ ግን አፉ የተያዘ ይመስለኛል። የሰው ሚስት የወሰደ አባት ልጁን ምን ብሎ ይገሥጻል? እሱ ዝም ስላለ ሌላው ልጁ አቤሴሎም ሁለት ዓመት ጠብቆ ወንድሙን አስገደለ፤ ኋላም በአባቱ ላይ ተነሣ፤ ዳዊት ባዶ እግሩን እያለቀሰ ደብረ ዘይትን ወጣ። የአቤሴሎም መካሪ አኪጦፌል ነበር። የቤርሳቤህ አባትና የአኪጦፌል ልጅ አንድ ሰው ናቸው የሚሉ አሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ያ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ነገር ቋጥሮ ነው የቆየው። ትዕማር ምን አጠፋች? በወንድሟ በአቤሴሎም ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች፣ በቃ።

መጽሐፉ ግን ኦርዮን አልረሳውም። ከዳዊት 37 ኃያላን ዝርዝር መጨረሻ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ማቴዎስም የጌታን ትውልድ ሲቈጥር ቤርሳቤህን በስሟ አይጠራትም፤ ሰሎሞን ከኦርዮ ሚስት ተወለደ ይላል። ያን ያህል ዘመን አልፎም የኦርዮ ሚስት!

ቤርሳቤህ ለዳዊት ናታን የሚባል ልጅም ወልዳለች። ስሙ ለነቢዩ ይሁን አይሁን አልተጻፈም፤ እኔ ግን እንዲሆን እፈልጋለሁ። ያንን ስም ቤቱ ውስጥ ጠዋት ማታ የሚጠራ ንጉሥ ለማሰብ ያህል።

እሷስ ስለ ደብዳቤው ያወቀችው መቼ ነው? ባልሽ በጦርነት ወደቀ ተብላ ነው ያለቀሰችው፤ እንደ ማንኛዋም የወታደር ሚስት። ኢዮአብ ያውቃል፣ ናታንም ያውቃል። ነቢዩ ገብቶ ሲወጣ፣ ሕፃኑ ታሞ ንጉሡ መሬት ላይ ሲተኛ፣ አንድ ሰው ምክንያቱን ነግሯት ይሆን? ዳዊት ራሱ ነግሯት ይሆን? ወይስ መዘምራኑ ሲያዜሙት ነው የሰማችው?