ዘይቱ የባሩ አፍንጫ እስኪደርስ

ጎንደር ዙሪያ አጣና የሚቆርጥ ሰው ሞተር መጋዙ መጨስ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያነሣው ሞረድ ነው። ሰንሰለቱ ደነዘዘ ብሎ ይሞርዳል። ከሰዓት በኋላ እንደገና ይጨሳል፣ እንደገና ይሞርዳል። እንዲህ ሲሆን ጥርሱ እንጨት ቆርጦ ሳይሆን ሞረድ በልቶት ያልቃል። እኔ ከአዘዞ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ባሕር ዛፍ በኮንትራት ስቆርጥ የገባኝ ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ባር (ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት፣ ጫፉ አፍንጫ የሚባለው)፣ ሰንሰለት በመጨረሻ። ዘይት የማያገኝ ሰንሰለት ምንም ያህል ቢሳል ውሎ አያድርም።

ይህን ያስተማረኝ ከሌላ ቆራጭ የገዛሁት ያገለገለ መጋዝ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፣ ገመዱን ገና ሲስቡት ይነሣል። ባሩ ግን ከአፍንጫው አካባቢ ወደ ሰማያዊ ቀይሯል። ብረት እንዲህ ቀለሙን የሚለውጠው ከመጠን በላይ ሲግል ነው። ስለዚህ ዘይቱን ፈተሽኩ። ሞተሩን አስነሥቼ የባሩን አፍንጫ ከንጹሕ ካርቶን አንድ ስንዝር ያህል አርቄ ያዝኩና ነዳጅ ሰጠሁት። ዘይቱ በደንብ የሚደርስ ቢሆን ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ይረጭ ነበር። ካርቶኑ እንደ ደረቀ ቀረ፤ ታንኩ ግን ሙሉ ነው።

ዘይቱ የሚሄድበትን መንገድ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተከተልኩት። ካንዴላውን ነቅዬ፣ ጓንት አድርጌ ባሩንና ሰንሰለቱን አወረድኩ። ባሩ ከሞተሩ ጋር በሚታሰርበት በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ፓምፑ ዘይቱን የሚያስገባው በእሷ ነው። ቀዳዳዋ በሰጋቱራና በዘይት ጭቃ ተደፍናለች። በቀጭን ሽቦ ከፈትኳት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ብዙ ጊዜም ችግሩ እዚሁ ያበቃል። የእኔ ግን ባሩ ሳይገጠም ሞተሩን ባስነሣውም ከመጋዙ የዘይት መውጫ የሚወጣው ጠብታ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ታንኩን ገለበጥኩ። የወጣው ጥቁር አተላ ነው። ከቱቦው ጫፍ ያለችውን ማጣሪያ በታጠፈ ሽቦ ስቤ አወጣኋት፣ ጨርሶ ተለስናለች። ታንኩን በነጭ ጋዝ ደጋግሜ አጠብኩ፣ ማጣሪያዋን በአዲስ ቀየርኩ። ከዚያ ፓምፑ ቀረ። እሱን ለማየት የሞተሩን ኃይል ለሰንሰለቱ የሚያስተላልፈውን ፍሪሲዮን መፍታት ያስፈልጋል። ፍሪሲዮኑ በአብዛኞቹ መጋዞች ላይ በተቃራኒው ነው የሚፈታው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሲያጠብቅ ይውላል። ፒስተኑ እንዳይዞር በካንዴላው ቀዳዳ የገመድ ጫፍ አስገብቼ አስያዝኩት። ከሥር ፓምፑን የምታዞረው ጠመዝማዛ ማርሽ ጥርሷ ተበልቶ አገኘሁት። እሷንና ፓምፑን አብሬ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ማርሿን የበላው የተቃጠለ ዘይት ነው። ከታንኩ በወጣው አተላ ውስጥ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት ብነክረው የብረት ብናኝ ለጥፎ መጣ። ከመኪና ሞተር የወጣ ዘይት ያን ሁሉ ብናኝና ጥላሸት ይዞ ነው የሚወጣው፤ ፓምፕ ውስጥ ሲገባ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈገፍጋል። በዚያ ላይ ቅጥነቱ ከሰንሰለቱ አስፈንጥሮ ይጥለዋል። የጋራዡ ባለቤት፣ የማከብራቸው ጋሼ፣ «ልጄ፣ ዘይት ዘይት ነው፤ ለማይመለስ ነገር ብር አታፍስ» ይሉኝ ነበር። ዘይቱ እንጨቱ ላይ ፈስሶ የሚቀር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ዘይት እጄ ላይና ልብሴ ላይ ቀኑን ሙሉ ይረጫል። የመጋዝ አምራቾች የተቃጠለ ዘይት በተደጋጋሚ ቆዳ ሲነካ ለቆዳ ካንሰር ሊዳርግ ይችላል ብለው በመመሪያቸው ያስጠነቅቃሉ። ማግኔቱን ሳሳያቸው ስለ ብረቱ አልተከራከሩኝም።

ለሰንሰለት ተብሎ የተሠራው ዘይት ሲገኝ እሱን እገዛለሁ፤ የሚለጠፍ ስለሆነ ሰንሰለቱ በፍጥነት ሲዞር አይወድቅም። ሲጠፋ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት፣ አዲሱን። ወደ ደባርቅ በኩል የኅዳር ጠዋት ብርዱ ሲጠና ይወፍራል፤ ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አቆይቼ ነው የምሞላው። የኑግ ዘይት ሞክር ያሉኝም አሉ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ዓይነት ነው፤ መጋዙ ጥቂት ቀን ከቆመ ሰንሰለቱ በሚሮጥበት የባሩ ቦይ ውስጥ ሙጫ ሆኖ ይጠብቃል። ለወጥ ይቀመጥ።

ዘይቱ ከተስተካከለ በኋላ ባሩን ሞርሳ ላይ አሰርኩ። ቦዩን ከሞተሩ በኩል ወደ አፍንጫው በቀጭን ብረት ጠረግሁት፤ ከሰንሰለቱ ሥር ያሉት መሪ ጥርሶች ዘይቱን ይዘው የሚሮጡት በዚህ ቦይ ነው፣ በሰጋቱራ ከተሞላ ግን ዘይቱ አፍንጫው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የቦዩ ጠርዞች በግራና በቀኝ ተጨፍልቀው ወደ ውጭ ስለት አውጥተው ነበር። ስለቱን በጠፍጣፋ ሞረድ አነሣሁት፤ የጠርዞቹን አናት ደግሞ ሁለቱም እኩል ቁመት እስኪይዙ ሞረድኩ። አንዱ ጠርዝ ካጠረ መጋዙ ቀጥ ብሎ አይገባም፣ ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል፤ ሰዉ ግን እጅህ ነው ይልሃል። ቦዩ ራሱ መስፋቱን የማውቀው ሰንሰለቱን አልብሼ በጣቴ ወደ ጎን ስገፋው ነው። ብዙ ካዘመመ ያ ባር አልቆለታል። አዲስ ሲገዛ የቦዩ ስፋት 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ከሰንሰለቱ ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ ባከነ። ባሩን ሰንሰለት በሳልኩ ቁጥር እገለብጠዋለሁ፤ ጭነቱን የሚሸከመው የታችኛው ጎን ስለሆነ ካልተገለበጠ በአንድ በኩል ብቻ ይበላል።

ሰንሰለት ላይ የእኛ አካባቢ ትልቁ ጠላት አፈር ነው። የባሕር ዛፉ ባለቤቶች ጉቶው መልሶ እንዲያቆጠቁጥ ዝቅ ተደርጎ እንዲቆረጥ ይፈልጋሉ፣ ልክም ናቸው። ግንዱ ግን ከሥሩ ክረምት የረጨበትን ጭቃ፣ በጋ ያለበሰውን አቧራ ይዟል። ስለዚህ መጋዝ የማስገባበትን ቦታ አስቀድሜ በመጥረቢያ ልጡን እልጠዋለሁ። ይህ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ የሞረድ ወጪዬን ግን ከምንም ነገር በላይ የቀነሰው እሱ ነው።

ስሞርድ ክቡ ሞረድ ከሰንሰለቱ ጋር መመጠን አለበት፤ መጠኑ 3/8 ኢንች ለሆነ ሰንሰለት እንደ ዓይነቱ 5.2 ወይም 5.5፣ ለ.325 ኢንች ደግሞ 4.8 ሚሊ ሜትር። ከሁሉ ያጠረውን ጥርስ ፈልጌ ሌሎቹን በእሱ ልክ አወርዳለሁ፤ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብዬ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በመግፋት ብቻ። ስመልስ ሞረዱን አነሣዋለሁ። ጥርሱ ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር ከታየኝ ገና ነው። ሥራ ላይ ሰጋቱራው ፍቅፋቂ መሆን አለበት፤ ዱቄት ከሆነ ደንዝዟል።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከጥርሱ ፊት ያሉትን ጉብታዎች አይቶ «አያ፣ እነዚህን ዝቅ ብናደርጋቸው ቶሎ አይቆርጥም?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙዎች ሳይጠይቁ ያደርጉታልና። ጉብታው ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ በመለኪያው ሰሌዳ እያየሁ ነው የምነካው። ከዚያ በላይ ከወረደ ጥርሱ ከአቅሙ በላይ ይነክሳል፣ መጋዙ ይንገጫገጫል፤ የባሩ አፍንጫ የላይኛው ጎን እንጨት ሲነካ ደግሞ መጋዙ ወደ ፊትህ ይወረወራል። ይህን ለልጁ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን ጉብታ ብቻውን እንዲሞርድ አልፈቀድኩለትም።

ውጥረቱን የማስተካክለው የባሩን አፍንጫ ወደ ላይ አንሥቼ ይዤ ነው። ሰንሰለቱ ከባሩ ሥር ተጣብቆ በእጅ ሲስቡት የሚሄድ ከሆነ በቂ ነው። ሲግል ይረዝማል፣ ሥራ ላይ ጠበቅ አደርገዋለሁ፤ ሲያመሽ ደግሞ መልሼ አላላዋለሁ፤ ጠብቆ ካደረ በሌሊቱ ብርድ ሲኮማተር ባሩንና የሞተሩን ዘንግ ይጎትታል።

ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ዘይቱንም አብሬ እሞላለሁ፤ ከመሙላቴ በፊት ግን ታንኩን አያለሁ። ቤንዚኑ ሲያልቅ ዘይቱም ጥቂት ብቻ መቅረት አለበት። የደረቀ ወይራ ወይም የቆየ ባሕር ዛፍ ስቆርጥ ከመጋዙ ሥር ያለውን የዘይት ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ ወደ ላይኛው መጠን አዞረዋለሁ፤ ጠንካራና ደረቅ እንጨት ዘይት ይፈልጋል። ቤንዚን አልቆ የዘይቱ ታንክ እንደ ሞላ ካገኘሁት ሥራውን አቁሜ ባሩን አወርዳለሁ፣ ቀዳዳዋን በሽቦ እከፍታለሁ፣ ካርቶኑን ከመኪናው አምጥቼ እሞክረዋለሁ።