13 አሃዝ ቁጥር እና የረቡዕ አጥቢያ ሽያጭ

እህቴ ሌሊትም የሚሠራ ፋርማሲ አላት። የሽያጭ ሶፍትዌሩ ወደ ኤክሴል ሲያወጣላት ሰዓቱ ጋ 1700003421000 ዓይነት ቁጥር ብቻ ነው የሚመጣው። «ይሄ ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ላከችልኝ።

ቁጥሩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 የግሪንዊች እኩለ ሌሊት ወዲህ ያለፈው ጊዜ ነው። ያቺ ቅጽበት በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበረች፣ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ሰከንድ መስሎኝ በ86400 አካፍዬ 25569 ደመርኩበት (ኤክሴል እስከ 1970 የሚቆጥረው የቀን ብዛት ነው)፤ ሴሉ በ### ተሞላ። አሃዞቹን ብቆጥር 13 ናቸው። 10 ቢሆን ሰከንድ ነበር፤ 13 ግን ሚሊሰከንድ ስለሆነ መጀመሪያ በ1000 ይካፈላል። አሁን ማንኛውንም ፋይል ስከፍት አሃዝ ሳልቆጥር ቀመር አልነካም።

ቀጥሎ የሰራሁት ስህተት ግን ሁለት ቀን በላብኝ። አዲስ አበባ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ስለዚህ 3 ደምሮ 6 ከመቀነስ በቀጥታ 3 ብቀንስስ አልኩ። በጣም ያምራል! ኤኤም ያለው ሁሉ ቀን፣ ፒኤም ያለው ሁሉ ሌሊት ሆኖ ቁጭ አለ። ያ ሽያጭም «8:10 ፒኤም» ብሎ ወጣ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10፣ ልክ ነው። እህቴ ግን ደረሰኙን አምጥታ አጠገቡ ስታስቀምጠው ደረሰኙ 15/11/2023 ይላል፣ የኔ ሰንጠረዥ 14። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተሸጠው ሁሉ ወደ ማክሰኞ ተመልሶ የማክሰኞ ሒሳብ ተርፏል፣ የረቡዕ ጎድሏል።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ ሆነ፦ ለቀኑ 3 ሰዓት ደምሬ፣ ለሰዓቱ 3 ቀንሼ። ዋናውን ቁጥር አልነካሁትም። የኛን ቀን ለማግኘት ከመስከረም 1 ቆጠርኩ፤ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የዋለው፣ ጳጉሜን 6 ስለነበረች። እስከ ኖቬምበር 15 ድረስ 64 ቀን አለፈ፣ በ30 ሲካፈል 2 ደርሶ 4 ይተርፋል፣ ህዳር 5 ቀን 2016 ማለት ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ግን ቋሚ ቁጥር መደመር አይሠራም፤ ዋሽንግተን በብርዱ ወራት 5፣ በሙቀቱ ወራት 4 ሰዓት ከግሪንዊች ወደኋላ ናት። እዚያ ፕሮግራሙን በከተማ ስም ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

እህቴ የአንድ ሌሊት ደረሰኞችን አንድ በአንድ አመሳከረች። ሁሉም ገጠመ።