ተቆጣጣሪውን ማን ይሾማል?

በሐምሌ ወር 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ የንጉሡን ይሁንታ አግኝቶ ጸደቀ። ሕጉ ከፕሪሚየር ሊግ አንስቶ እስከ አምስተኛው እርከን ድረስ የሚጫወቱ 116 ክለቦች፣ ከሊጉም ከፌዴሬሽኑም ተለይቶ ከቆመ ነፃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ድሬዳዋ ተቀምጠን ስለ አርሰናል አሰላለፍ ከአሠልጣኙ በላይ እናውቃለን የምንል ሰዎች ለዚህ ዜና የአንድ የዝውውር ወሬ ያህል እንኳ ጊዜ አልሰጠነውም። በእኔ አስተያየት ግን ከባሕር ማዶ ከሚመጣልን የኳስ ወሬ ሁሉ ለከተማችን ክለቦች ትምህርት ያለው ይኸው ነው። ይህን የምለው እንግሊዞች ያወጡት ሕግ እንከን የለውም ብዬ ሳይሆን፣ ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ማን የማንን ደጅ እንደጠና፣ ማንስ ምን እንዳስቀየረ በይፋ ስለታየ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከትልልቆቹ ክለቦች አይደለም። ቤሪ የሚባለው በ1885 የተመሠረተ ክለብ የኤፍኤ ዋንጫን በ1900 እና በ1903 አንሥቷል፤ በሁለተኛው ፍጻሜ ደርቢ ካውንቲን 6 ለ 0 የረታበት ውጤት ከመቶ ዓመት በላይ በዋንጫው ፍጻሜ ታሪክ አቻ ሳይገኝለት ቆይቷል። ማንችስተር ሲቲ ዋትፎርድን በዚያው ውጤት አሸንፎ ክብረ ወሰኑን የተጋራው በግንቦት 2019 ሲሆን፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ በነሐሴ፣ ቤሪ ዕዳውን እንዴት እንደሚከፍል ማሳየት አቅቶት ከሊጉ ተባረረ። ክለቡ በታኅሣሥ 2018 በ1 ፓውንድ ተሽጦ ነበር፤ ገዢው ለክለቡ ማስኬጃ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው ከሽያጩ በፊት በቅጡ ያረጋገጠ አካል አልነበረም።

ለምን አልነበረም ቢባል፣ መልሱ ያለው ሊጎቹ በተዋቀሩበት መንገድ ላይ ነው። ፕሪሚየር ሊግን ብንወስድ የሃያዎቹ ክለቦች ንብረት የሆነ ኩባንያ ነው፤ እያንዳንዱ ክለብ አንድ ድምፅ አለው፣ ደንብ ለመለወጥም 14 ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደንቡን የሚያወጣውም፣ በደንቡ የሚቀጣውም፣ ደንቡ ሲላላ የሚጠቀመውም ያው አንድ ወገን ነው። በሚያዝያ 2021 ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ከስፔንና ከጣሊያን ስድስት ክለቦች ጋር ሆነው መሥራቾቹ የማይወርዱበት ሱፐር ሊግ ማቋቋማቸውን ሲያስታውቁ፣ ያስቆማቸው የሊጉ ደንብ ሳይሆን አደባባይ የወጣው የደጋፊ ቁጣ ነበር፤ ስድስቱም በሁለት ቀን ውስጥ ከዕቅዱ ወጡ። በዚያ ሰሞን በከተማችን ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባሉ ዲኤስቲቪ ቤቶች የሰማሁት ንዴት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በየሳምንቱ ሪያል ማድሪድን ከሊቨርፑል ማየት ለእኛ ለሩቅ ተመልካቾች ትርፍ እንጂ ኪሳራ አልነበረውም፤ ሆኖም አንድ በዕድሜ የገፉ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ «የማይወርድ ቡድን ምኑን ይጫወታል?» ብለው የሻያቸውን ሒሳብ ከፍለው ወጡ።

የደጅ ጥናቱ ታሪክ ከዚሁ ይቀጥላል። ሱፐር ሊጉ ከመታወጁ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የማንችስተር ዩናይትድ ኃላፊ የነበሩት ኤድ ውድዋርድ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ገብተው እንደነበር ኋላ ተሰማ፤ ጽሕፈት ቤቱ በውይይቱ ስለ ሱፐር ሊግ አልተነሣም ሲል አስተባበለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የሳዑዲ አረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ ኒውካስልን ገዛ። ግዢው ተጓትቶ በነበረበት በ2020 አልጋ ወራሹ ሞሐመድ ቢን ሰልማን የሊጉ አቋም እንዲታረም ለጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን መልእክት ልከው እንደነበርም በጋዜጣ ወጥቷል። የቀድሞዋ የስፖርት ሚኒስትር ትሬሲ ክራውች የመሩት ጥናት በኅዳር 2021 ነፃ ተቆጣጣሪ ይቋቋም ብሎ ሲመክር፣ ከሊጉ ውጭ የሚቆም ብቻ ሳይሆን ከእንዲህ ዓይነቱ ስልክና መልእክትም የሚርቅ አካል ያስፈልጋል ማለቱ ይመስለኛል።

ከዚያ ጥናት እስከ ሕጉ መጽደቅ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ረቂቁ በመጋቢት 2024 በወግ አጥባቂዎቹ መንግሥት ቀረበ፤ ምርጫ ስለተጠራ ወደቀ፤ በጥቅምት በሌበር መንግሥት እንደገና ተነሣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፕሪሚየር ሊጉ በሥራ አስፈጻሚው በሪቻርድ ማስተርስ በኩል፣ ተቆጣጣሪው ባለሀብት ያሸሻል፣ በዓለም ተወዳጅ የሆነውን ሊግ ያዳክማል እያለ ተከራከረ። በወቅቱ የዌስትሃም ምክትል ሊቀመንበር የነበሩት ካረን ብሬዲ የፓርላማው ላይኛ ምክር ቤት የሆነው የሎርዶች ምክር ቤት አባልም በመሆናቸው ረቂቁን እዚያው ከተቃወሙት ግንባር ቀደሟ ነበሩ፤ በዚያ ምክር ቤት በረቂቁ ላይ የቀረቡት ማሻሻያዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ክለብ የሚመራ ሰው ክለቦችን በሚገዛ ሕግ ላይ ተቀምጦ ሲከራከር በእኛ ዘንድ ማንንም አያስደንቅም። የሚያስቀናኝ ግን እዚያ ተከራካሪው ጥቅሙን አስቀድሞ ማስመዝገቡና የተናገረው ቃል በቃል ተጽፎ ማንም ሊያነበው መቻሉ ነው። የከረረው ሙግት እንደተለመደው ስለ ገንዘብ ነበር፦ ፕሪሚየር ሊጉ ከቴሌቪዥን ገቢው ለታችኞቹ ሊጎች ምን ያህል ያካፍል? ሕጉ ሁለቱ ወገኖች መስማማት ካቃታቸው ተቆጣጣሪው እንዲወስን ሥልጣን ሰጠው፤ ከፕሪሚየር ሊግ ለሚወርዱ ክለቦች የሚከፈለው የፓራሹት ክፍያም ከዚህ ሥልጣን ውጭ አልተደረገም።

የሕጉን ታሪክ ከሁሉ በላይ ያስረዳችኝ ግን አንዲት አንቀጽ ናት። በመጀመሪያው ረቂቅ ተቆጣጣሪው የክለብ ገዢን ብቃት ሲመዝን የመንግሥትን የውጭ ጉዳይና የንግድ ፖሊሲ ከግምት እንዲያስገባ የምታዝ አንቀጽ ነበረች። ነፃ የተባለው መሥሪያ ቤት አንድ ባለጸጋ መንግሥት ክለብ ልግዛ ብሎ ሲመጣ ስለ ገንዘቡ ንጽሕና ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ አገር ጋር ስላለው ወዳጅነትና ንግድም ማሰብ ሊኖርበት ነበር። የአውሮፓን እግር ኳስ የሚመራው ዩኤፋ በመስከረም 2024 ለባህልና ስፖርት ሚኒስትሯ ለሊሳ ናንዲ በጻፈው ደብዳቤ፣ መንግሥት በእግር ኳስ ጣልቃ ከገባ የእንግሊዝ ቡድኖች ከውድድር እስከ መታገድ ሊደርሱ እንደሚችሉ፣ አገሪቱ ራሷ ከአስተናጋጆቹ አንዷ የሆነችበት የ2028 የአውሮፓ ዋንጫም ከዚህ እንደማያመልጥ አስጠነቀቀ። አዲሱ መንግሥት አንቀጿን ሰረዛት። በአጭሩ፣ ተቆጣጣሪው ከመንግሥት ጥቂት እንዲርቅ ያደረገው በከፊል የሌላ ባለሥልጣን ጫና ነው፤ ያም ባለሥልጣን የራሱን ገበያ የሚጠብቅ ነው።

አንቀጿ ብትሰረዝም የሹመቱ ጉዳይ አልተፈታም፤ ምክንያቱም የተቆጣጣሪውን ሊቀመንበር የሚሾመው ሚኒስትር ነው። ለቦታው የተመረጡት ዴቪድ ኮገን በቴሌቪዥን መብት ድርድር የካበተ ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ችሎታቸውን የተጠራጠረ ብዙም የለም። ይሁንና በ2020 ናንዲ ለፓርቲ መሪነት ሲወዳደሩ ገንዘብ ከለገሱላቸው ሰዎች አንዱ እንደነበሩ ታወቀ፤ በ2025 መጨረሻ ገደማም የመንግሥት ሹመቶችን የሚከታተለው ኮሚሽነር ሚኒስትሯ የሹመት ደንቡን ጥሰዋል ሲል ደመደመ፣ እርሳቸውም ይቅርታ ጠየቁ። መሥሪያ ቤቱ ክለቦችን «ገንዘባችሁ ከየት መጣ?» ብሎ ሳይጠይቅ ራሱ ተጠየቀ ማለት ነው። የልገሳው መጠን አነስተኛ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኔ አልስማማም፤ የዳኛን ገለልተኝነት የሚጎዳው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ግንኙነቱ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ የጸደቀው ሕግ ግን ጥርስ አለው። ክለቦች የፋይናንስ ዕቅዳቸውን ያቀርባሉ፣ ባለቤቶች ስለ ገንዘባቸው ምንጭ ይመረመራሉ፣ ስታዲየም ያለ ተቆጣጣሪው ፈቃድ አይሸጥም፣ አርማና የሜዳ ማልያ ቀለም ደጋፊ ሳይስማማበት አይቀየርም። የመጨረሻው ነገር ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ፣ ካርዲፍ ሲቲ በ2012 ሰማያዊ ማልያውን በባለቤቱ ፍላጎት ቀይ አድርጎ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ መቆየቱን ያስታውስ።

ወደ ድሬዳዋ ስንመጣ ጥያቄው ይገለበጣል። እንግሊዝ ውስጥ ደጋፊው የሚፈራው ክለቡን የገዛውን ባለሀብት ነው፤ ከዚያ ያድነኛል ብሎ የጠራውም መንግሥትን ነው። እኛ ዘንድ ግን የአብዛኛው ክለብ ባለቤትም፣ በጀት መዳቢም፣ የቦርድ ሰብሳቢ ሿሚም የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ነው። የክለቡ በጀት ከመንገድና ከውሃ በጀት ጋር እየተጋፋ ይጸድቃል። እዚህ ጉዳይ ለማስፈጸም የሎርዶች ምክር ቤት አባል መሆን አያስፈልግም፤ መንገዱ አጭር ነው፣ የሚመዘገብበት መዝገብም የለም።

ይህች ከተማ የክለብ ዕጣ በባለቤቱ እጅ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አሳምራ ታውቃለች። ኮተን የምንለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ሲካሄድም ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆኖ አክራ ድረስ ተጉዞ ከማሊው ስታድ ማሊያን ጋር በግማሽ ፍጻሜ ተገናኝቷል። ስታዲየማችን በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ ናይጄሪያን፣ ሱዳንን፣ ዛየርንና በኋላ ዋንጫውን የወሰደችውን ሞሮኮን አስተናግዷል። ዛሬ ኮተን በአገሪቱ ፕሪሚየር ሊግ የለም፤ የጎረቤታችን የሐረር ቢራም የለም። የፋብሪካ ቡድንን ለማኖርም ለማክሰምም የአንድ ማኔጅመንት ውሳኔ ይበቃል፤ ደጋፊው ሐሳቡን የሚጠየቅበት ደንብ ትናንትም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። የድሬዳዋ ከተማ ክለብ ብርቱካናማ ማልያ ነገ ቢቀየር የሚጠየቀው ሰው እኔ አይደለሁም፣ እናንተም አይደላችሁም።

እርግጥ ነው ምንም አልተሠራም ማለት አይቻልም። ከ2020 ጀምሮ የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ የሚመራው አክሲዮን ማኅበር የቴሌቪዥን መብት ሸጧል፤ በመጀመሪያው የውድድር ዓመትም ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ሲዘዋወሩ ድሬዳዋ አንዷ ነበረች። ማኅበሩ ቆይቶም የክለቦችን ወጪ የሚገድብ የፋይናንስ ደንብ አውጥቶ እስከ መቅጣት ደርሷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ከዚያ ቀደም በ2019 ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር፤ ጣሪያው በተግባር ተከብሯል ብሎ የሚምል ደጋፊ ግን እስካሁን አላገኘሁም። አክሲዮን ማኅበሩም ቢሆን የክለቦቹ ነው። እንግሊዞች ያልሠራላቸውን አወቃቀር እኛ ገና በመጀመር ላይ ነን፤ እነርሱ ሊጉን ከክለቦች ለማራቅ ሲታገሉ እኛ ከክለቦችም ከሹመኞችም ማራቅ ይኖርብናል፣ ይህም ሥራውን ከባድ ያደርገዋል።

መንግሥት እንደ እንግሊዝ ሕግ ያውጣልን የሚል ሰው ደግሞ ፊፋን ረስቷል። በ2008 በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሣው ውዝግብ ፊፋ ኢትዮጵያን አግዶ፣ ከሞሮኮ፣ ከሩዋንዳና ከሞሪታኒያ ጋር የተመደበችበትን የ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ውጤቷን ሰርዞ አስወጣት። ኬንያም የስፖርት ሚኒስትሯ ፌዴሬሽኑን በትነው ጊዜያዊ ኮሚቴ ስለሰየሙ በ2022 ታገደች። እንግሊዝ የደረሳት ደብዳቤ ብቻ ነው። ልዩነቱ በከፊል የሕግ ነው፤ የእንግሊዙ ተቆጣጣሪ በጨዋታ ሕግ፣ በዳኝነትና በፌዴሬሽን ምርጫ ውስጥ እጁን አያስገባም። በከፊል ግን የአቅም ጉዳይ ነው፤ የእንግሊዝ ክለቦች የሌሉበትን የአውሮፓ ውድድር የትኛው ቴሌቪዥን በዚያ ዋጋ ይገዛዋል?

ስለዚህ እኔ አዲስ ሕግም አዲስ መሥሪያ ቤትም አልጠይቅም። የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራው ካፍ በአህጉራዊ ውድድር የሚሳተፉ ክለቦች ከየፌዴሬሽናቸው የክለብ ፈቃድ እንዲይዙ ያስገድዳል። ይህን ፈቃድ ለሊጉ ክለቦች በሙሉ እውነተኛ መስፈርት ማድረግ ከፊፋ ጋር አያጋጭም። ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ውስጥ የክለብ ኃላፊም ሆነ በሥልጣን ላይ ያለ ሹመኛ አይቀመጥ፤ አባላቱን የሒሳብና የሕግ ባለሙያዎች ማኅበራት ይጠቁሙ፣ የአገልግሎት ዘመናቸው የተወሰነ ይሁን፣ በመሐል የሚነሡበት ምክንያት በጽሑፍ ይታወቅ። ከንቲባም ይሁን የክለብ ፕሬዚዳንት ኮሚቴውን ስለ አንድ ክለብ ባነጋገረ ቁጥር ቀኑና ጉዳዩ በመዝገብ ይስፈር። ለጅምሩ ደግሞ እያንዳንዱ ክለብ የውድድር ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት በጀቱን፣ የገንዘቡን ምንጭና ያለበትን ዕዳ በስታዲየሙ መግቢያ ላይ ይለጥፍ። የተጫዋቾች ደሞዝ በስም መዘርዘር አያስፈልገውም፤ የደሞዙ ጠቅላላ ድምርና ሳይከፈል የቀረው ወር ቢጻፍ ይበቃል።