ስብሰባው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ሰው

የመሥሪያ ቤታችን የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት ስልኬ ጠራ። "ቶሎ ና፣ መግለጫ ትጽፋለህ።" ስገባ ስብሰባው አልቋል፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ባዶ የውሃ ጠርሙስና የተፈረመበት ወረቀት ነው። ሁለት የሥራ ክፍሎች ሊዋሃዱ ነው። ሠራተኛው ምን ይላል ብዬ ብጠይቅ "እሱን አንተ ታሳምናለህ" ተባልኩ።

መግለጫውን ጽፌ ሳልጨርስ ወሬው በቴሌግራም ዞሮ፣ ተጋኖ፣ "ግማሾቻችን ልንባረር ነው" ሆኖ ተመልሶ እኔው ጋ ደረሰ። ጥበቃው ሳይቀር ቀድሞኝ ሰምቷል (ያውም ከእኔ የተሻለ ዝርዝር ይዞ!)።

የዘርፉ ምሁራን ግሩኒግና ሀንት በ1984 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ግንኙነትን በአራት ሞዴል ሲከፍሉት፣ አራተኛው ሁለቱም ወገን የሚደማመጡበት፣ ድርጅቱም በሰማው ነገር ራሱን የሚያስተካክልበት ነው። ለዚያ ደግሞ ባለሙያው ውሳኔ ሲወሰን እዚያው መቀመጥ አለበት። እኛ ጋ ሥራው ካሜራ፣ ባነርና መግለጫ ነው። የሠራተኛውን ስሜት ይዘህ ወደ ላይ ስትወጣ "አንተ የማን ወገን ነህ?" ትባላለህ።

አመሻሽ ላይ መግለጫውን ትቼ ሁለቱም ክፍሎች ጋ ሄድኩ። ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። "ደሞዛችን ይነካል?"

አይነካም። መግለጫው ላይ ግን ይህቺ ቃል የለችም።