«ከእኔ ቅጂና ስጫት»

የምሠራው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ለአስታማሚ ግን ነጭ ጋውን የለበሰች ሁሉ «ሲስተር» ናት። ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ።

ነሐሴ ነበር፤ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ነሐሴ ለእኛ ክፉ ወር ነው። ከደም ለጋሾች ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእኛም ፍሪጅ ይሳሳል። ሰኔ መግቢያ ላይ የሰጡት ደግሞ ለነሐሴ አይደርስም። ደም እንደ ከረጢቱ ዓይነት ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው 35 ወይም 42 ቀን ነውና።

ከማዋለጃ ክፍል ተደወለ። ወልዳ ደሙ አልቆም ያላት እናት አለች። ናሙናዋን ሳየው ቢ ፖዘቲቭ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የቀረችው ቢ አንድ ከረጢት ብቻ! እሷን ከናሙናው ጋር አስማምቼ ላክሁ። ሾፌሩ አይስ ቦክሱን ይዞ ወደ ደም ባንክ በረረ።

ይሄኔ ወንድሟ በሩን በርግዶ ገባ። የሹራቡን እጅጌ እስከ ትከሻው ሰብስቦታል።

«ሲስተር፣ እኔም ቢ ነኝ። ከእኔ ቅጂና ስጫት!»

ክንዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ደም ሥሩ ገመድ ያህላል። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ክንድ ያስጎመጃል።

«እንዲያ አይሆንም ወንድሜ» አልኩት። «ከተቀዳ በኋላ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ መመርመር አለበት። ያ እስኪያልቅ እሷ አትጠብቅም።»

«እህቴ እኮ ናት!»

«ብትሆንም።»

«ታዲያ አሁን የሚሰጣት የማን ነው?»

«የማላውቀው ሰው። ቀደም ብሎ የሰጠ።»

ተናደደ። አልፈርድበትም። አብዛኞቻችን እጅጌ የምንሰበስበው የራሳችን ሰው ሲወድቅ ነው። በዚያ ሰዓት የሚያድነው ግን ፍሪጅ ውስጥ ያለው ነው።

ሾፌሩ ሁለት ከረጢት ይዞ ደረሰ። ደሙም ቆመላት።

ጠዋት ላይ ያው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰም።

«አሁንስ ልስጥ?»

«መጀመሪያ ብላ፣ ተኛ። ነገ ደም ባንክ ትሄዳለህ።»

«ነገማ ለእሷ ምን ያደርግላታል?»

«ለእሷ አይደለም።»

ትንሽ አሰበ። «አንዴ ከሰጡ በኋላስ መቼ ነው?»

«ከ3 ወር በኋላ።»

በጣቱ ቆጠረ። «ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን ማለት ነው» አለና ቁርሱን ፍለጋ ወጣ።