የሃርፐርስ ፌሪ ኮረብታ

ጥቅምት ሲገባ በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ሰዎች ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሲሆን ለማየት ወደ ተራራው እንወጣለን። አብዛኛው ሰው የሚያቀናው ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እኔ ግን እንግዳ ሲመጣልኝ የምወስደው ሃርፐርስ ፌሪ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዘንድሮ የሄድኩት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ከመጣችው እናቴ ጋር ነበር። እዚያ ሳለን የጠየቀችኝ ነገር እስካሁን ስላልለቀቀኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ከተማዋ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የፖቶማክና የሸናንዶዋ ወንዞች ተገናኝተው ብሉ ሪጅ የተባለውን የአፓላቺያ ተራራ ሰንሰለት ሰንጥቀው በሚያልፉበት ቦታ ላይ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ ሦስት መቶ አይሞሉም። ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ታች ከተማው ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ከባድ ስለሆነ ከላይ በፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል አቁሞ በአውቶቡስ መውረድ ይሻላል። ከወንዞቹ መገናኛ ላይ ቆሞ ፊት ለፊት ሲመለከቱ በግራ ሜሪላንድ፣ በቀኝ ቨርጂኒያ ነው፤ የቆሙበት መሬት ደግሞ ሦስተኛው ግዛት።

በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን በ1783 (የምጽፈው ዓመትና ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ከዚህች ከተማ በላይ ካለ አለት ላይ ሆኖ ይህን መልክዓ ምድር አይቶ፣ ለዚህ ሲባል አትላንቲክን መሻገር ያዋጣል ብሎ ጽፏል። አለቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ወደዚያ የሚያወጣው ደረጃ ከራሱ ከተራራው አለት የተፈለፈለ ነው፤ መሃል መሃሉ በሰው እግር ብዛት ጎድጉዷል። እናቴ ጉልበቷን ይዛ ቀስ እያለች ወጣች። መንገድ ላይ በ1830ዎቹ የተሠራ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ደጁን ተሳለመችና መንገዷን ቀጠለች።

ከተማዋን ከተማ ያደረጋት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ቦታውን የመረጠው ለወንዙ ጉልበት ሲል ነበር። በኋላ ጆን ሆል የተባለ ሰው የአንዱ ጠመንጃ ዕቃ ለሌላው የሚገጥምበትን አሠራር እዚሁ አጠናቀቀ። ባርነትን ይደግፍ በነበረው ደቡብና በሰሜኑ መካከል የተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፋብሪካውን አቃጠለው፤ በ1862 ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ የሰሜን ወታደሮች እዚህ እጃቸውን ሰጡ። ከጦርነቱ የተረፈውን ደግሞ ጎርፍ እየተመላለሰ ወሰደው። ታች ከተማው ውስጥ በአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ውኃው በየዓመቱ የደረሰበት ከፍታ ተመልክቷል፤ ከሁሉም በላይ ያለው የ1936ቱ ነው። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ምልክቱን እየተመለከተች፣ «ሰው ግን መልሶ ሠራ?» አለችኝ። ሠርቷል፤ ግን ብዙው ሰው ወደ ላይ ወጣ። ታች የቀረው አብዛኛው ቤት አሁን ሙዚየም ነው።

አገር ሁሉ ሃርፐርስ ፌሪን የሚያውቃት ባርነትን በመሣሪያ ለማጥፋት በተነሣው ነጭ ሰው፣ በጆን ብራውን ነው። ጥቅምት 16 ቀን 1859 ሌሊት ነጭም ጥቁርም ያሉባቸውን ሃያ አንድ ሰዎች አሰልፎ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ያዘ። ሐሳቡ በባርነት የተያዙትን አስታጥቆ በተራራው ውስጥ መዋጋት ነበር። ሁለት ቀን ሳይሞላ በኮሎኔል ሮበርት ሊ የሚመራ ጦር ሰብሮ ያዘው፤ በታኅሣሥ በአቅራቢያው ባለችው በቻርልስ ታውን ተሰቀለ። የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ የመሸገባት ቤት ሦስት ትልልቅ የቅስት በሮች ያሏት ተራ የጡብ ቤት ናት፤ የእሳት ማጥፊያ ጋሪ ማስቀመጫ ነበረች። ይህች ቤት ተፈታ ለ1893ቱ ዓለም አቀፍ ትርኢት ቺካጎ ድረስ ተወስዳለች፤ ተመልሳ እርሻ ላይ ቆማለች፤ ከዚያ ኮሌጅ ግቢ ገብታለች፤ በ1968 ወደ ታች ከተማ ወረደች።

እኔ ግን ለእናቴ በመጀመሪያ የነገርኳት ስለ ብራውን አይደለም። ስለ ዴንጀርፊልድ ኒውቢ ነው። ኒውቢ ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው ነበር፤ ሚስቱ ሃሪየትና ልጆቻቸው ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ባሪያ ነበሩ። ሊገዛቸው ገንዘብ ቢያጠራቅምም አልሆነለትም። ሃሪየት በዚያው ዓመት ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር፤ ትንሹ ልጃቸው መዳህ እንደ ጀመረ፣ ጌታዋ ገንዘብ እንደ ቸገረውና ሊሸጣት እንደሚችል፣ ገንዘብ ቢኖርም ባይኖርም ሳይቀር እንዲመጣላት። ከብራውን ሰዎች መጀመሪያ የወደቀው እሱ ነው። መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ሬሳውንም ክብር ነፈጉት። ደብዳቤዎቿ ተገኝተው ስለ ቀሩ ነው ድምፅዋን ዛሬ የምንሰማው።

እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እሷስ? ልጆቹስ?» አለች።

ወደ ሉዊዚያና ተሸጠች፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሳለች አልኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። እኔ ይህን ታሪክ ስናገር ሁልጊዜ የምጨርሰው በጥይቱ ላይ ነበር።

ከምሽጉ ብዙ ሳይርቅ አንድ ድንጋይ አለ፤ ሰው ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል። የቆመው በ1931 ነው፤ ያቆሙትም የደቡብ ወታደሮች ዘሮች የሆኑ የወንዶችና የሴቶች ማኅበራት ናቸው። መታሰቢያነቱ ለሄይዋርድ ሼፐርድ ነው። ሼፐርድ በባቡር ጣቢያው ሻንጣ ተሸካሚ የነበረ ነፃ ጥቁር ሰው ሲሆን፣ የብራውን ሰዎች ሌሊቱን በጨለማ ተኩሰውበት ሞተ። ሞቱ እውነተኛ ሐዘን ነው፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበር። ድንጋዩ ግን በእሱ ስም ሌላ ነገር ይናገራል፤ ለጌቶቻቸው ታማኝ ሆነው ኖሩ ያላቸውን ጥቁሮች ያወድሳል። ባሪያ ያልነበረን ሰው ሬሳ ለባርነት ምስክር አድርጎ ማቆም ነውር ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

በምረቃው ዕለት፣ ነፃ የወጡ ጥቁሮችን ለማስተማር እዚሁ ከተማ በተመሠረተው በስቶረር ኮሌጅ የሙዚቃ ኃላፊ የነበረችው ፐርል ታተን መዘምራኗን ይዛ ተገኝታ ነበር። ያልታሰበ ንግግር አደረገች። አባቴ ለወገኖቼ ነፃነት የሰሜንን ሰማያዊ ልብስ ለብሶ የተዋጋ ወታደር ነው፤ ለዚያ ነፃነት የመጀመሪያውን ምት የመታው ጆን ብራውን ነው አለች። ለደቡብ ጦር መታሰቢያ ሊያቆም በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት፣ በ1931! በዓመቱ ጥቁሩ ምሁርና የመብት ታጋይ ዱ ቦይስ የብራውን ምት በደለኛዋን አገር ቀሰቀሰ የሚል የመልስ ጽሑፍ አዘጋጀ፤ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ግን እንዲሰቀል አልፈቀደም። ጽሑፉ ግቢው ውስጥ የቆመው በ2006 ነው።

ስለዚህ ወደ ሃርፐርስ ፌሪ የምትሄዱ ሁሉ፣ ከጄፈርሰን አለት አትመለሱ። አብዛኛው ጎብኚ እዚያ ፎቶ ተነሥቶ ይወርዳል። መንገዱ በአሮጌው መቃብር በኩል አልፎ ካምፕ ሂል ወደተባለው ኮረብታ ይወስዳል፤ የስቶረር ኮሌጅ ቦታ ያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ነፃ የወጡትን ለማስተማር ትምህርት የተጀመረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካው ደመወዝ ከፋይ ይኖርበት በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ኮሌጁ በ1867 ሲመሠረት የሜይኑ ነጋዴ ጆን ስቶረር አሥር ሺህ ዶላር የሰጠው በዘር፣ በፆታና በሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉም ይከፈት ብሎ ነው። የናይጄሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናምዲ አዚኪዌ እዚህ ተምሯል። በ1881 ከባርነት አምልጦ የፀረ ባርነት ታጋይ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ እዚህ ስለ ብራውን ሲናገር፣ ብራውንን ያስፈረደበት ዐቃቤ ሕግ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ነበር። በ1955 ግዛቱ ገንዘቡን ሲያቆም ኮሌጁ ተዘጋ።

በነሐሴ 1906 ለጥቁሮች እኩል መብት ይታገል የነበረው የናያግራ ንቅናቄ አባላት ዱ ቦይስን ጨምሮ እዚህ ተሰበሰቡ። አንድ ቀን ማለዳ ያኔ እርሻ ላይ ወደነበረችው የብራውን ምሽግ በእግራቸው ሄዱ፤ ሲደርሱም ጫማቸውንና ካልሲያቸውን አወለቁ። ይህን ለእናቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። «ቅዱስ ቦታ ነዋ» አለች።

ለጉልበተኛ ሌላም አለ። የአፓላቺያው የእግር መንገድ፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋው፣ በከተማዋ መሃል ያልፋል፤ ትልልቅ ቦርሳ ያዘሉ ጢማም ወጣቶችን መንገድ ላይ ታገኛላችሁ። በባቡሩ ድልድይ ጎን ባለው የእግረኛ መሻገሪያ ፖቶማክን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሃይትስ የሚባለውን ገደል መውጣት ይቻላል፤ ደርሶ መልስ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አቀበቱ ያደክማል፣ ከላይ ከተማዋን በሁለቱ ወንዞች መካከል ማየት ግን ድካሙን ያስረሳል። ገደሉ ፊት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የፓውደር ማስታወቂያ አሁንም ደብዝዞ ይታያል። በሸናንዶዋ ላይ በበጋ በጎማ መንሳፈፍም የተለመደ ነው።

የእህቴ ልጆች አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ናቸው። እናቴ በሚቀጥለው እነሱን ይዘን እንሂድ ብላለች። እኔም መንገዱን ከላይ ልጀምረው አስቤአለሁ። መጀመሪያ ኮሌጁ፣ እዚያው የዱ ቦይስ ጽሑፍ፤ ከዚያ ቁልቁል ወርደን የሼፐርድ ድንጋይ፣ ምሽጉና ወንዙ። ሁለቱንም ጽሑፍ ጮክ ብለው እንዲያነቡልን እጠይቃቸዋለሁ፤ አይስክሬሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።