ሸክላ በቤት ውስጥ ማጠብ፦ መርፌው ላይ የሚቀረው ነጭ ነገር

ሰሞኑን አንድ የቆየ ችግር ተፈታልኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የሙዚቃ ሸክላዎቼን ራሴ በቀመምኩት ፈሳሽ ማጠብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ታጥበው ሲወጡ ያበራሉ፣ ጥቁረታቸው ይመለሳል፣ ለዓይን ደስ ይላሉ። መርፌው ሲያርፍባቸው ግን ጭርጭርታው እንዳለ ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ሳይታጠብ ይሻል ነበር። አንዱ ገጽ ተጫውቶ ሲያልቅ ደግሞ መርፌው ጫፍ ላይ ነጭ ዝቃጭ ተሰብስቦ አገኛለሁ። የዛሬው ጽሑፍ በአብዛኛው ስለዚያ ዝቃጭ ነው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ሁላችንም የጀመርነው በደረቅ ጨርቅ ነው። ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ከወዲህ ወዲያ ይገፋዋል እንጂ አያነሳውም። ይባስ ብሎ ቪኒል (ሸክላው የተሠራበት ፕላስቲክ) በደረቁ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ያ ደግሞ ሌላ አቧራ ይስባል። የካርቦን ፋይበር ብሩሽ ለላይ ላዩ ጥሩ ነው፣ ሁልጊዜ ከማጫወቴ በፊት አንድ ሁለት ዙር አሳርፈዋለሁ። የጣት አሻራና የዓመታት ቅባት ግን በደረቅ ነገር አይለቅም። ለእሱ ፈሳሽ ግድ ነው።

ፈሳሹ ያን ያህል ምስጢር የለውም። ውሃ፣ ትንሽ አልኮል፣ በጣም ትንሽ ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ውሃን የሚያላላ ነገር)። በቃ።

ሰርፋክታንቱ ለምን እንደሚገባ ለማየት ንጹሕ ውሃ ሸክላ ላይ ጠብ አድርጉ። ድቡልቡል ብሎ ይቆማል እንጂ አይዘረጋም። ድምፁ የተቀረጸበት ቦይ ከአንድ ዘለላ ፀጉር ብዙም አይሰፋም፤ ውሃው ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ እታች ያለው ቆሻሻ አይነካም። የሰርፋክታንት ጠብታ ሲገባበት ውሃው ይላላል፣ ይዘረጋል፣ ቦዩ ውስጥ ይገባል። እኔ የምጠቀመው ፎቶ ፍሎ የሚባለውን የኮዳክ ምርት ነው። ፊልም የሚያጥቡ ሰዎች በመጨረሻው እጥበት ላይ የሚጨምሩት ነገር ነው፤ ሥራውም ፊልሙ ሲደርቅ የውሃ ነጠብጣብ እንዳይተው ማድረግ ነው። ለፊልም የሚመከረው መጠን አንድ ለ200 ነው፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር። እኔ ግማሹን፣ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው የማደርገው። በሲሪንጅ ለኩት። «ጥቂት ጠብታ» የሚል ቀመር ካያችሁ እለፉት፤ የአንዱ ጠብታ ከሌላው ጠብታ እኩል አይደለም።

ውሃው ዲስቲልድ፣ ማለትም ተንኖ ተመልሶ የተጠራቀመ ማዕድን የሌለው ውሃ፣ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አልደራደርም። የቧንቧ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም አለው። ውሃው ሲተን እነሱ አይተኑም፣ ቦዩ ውስጥ ጠንክረው ይቀራሉ። የፈላ ውሃም ዲስቲልድ ውሃ አይደለም። ስታፈሉት ማዕድኑ ያው እዚያው ነው።

አልኮሉ ላይ ጠብ አለ። ብዙ ሰው አንድ አምስተኛ አይሶፕሮፒል የሚባለውን አልኮል ያስገባል፤ 800 ሚሊ ሊትር ውሃና 200 ሚሊ ሊትር 99 ከመቶ አልኮል። ያላችሁ 70 ከመቶ የሆነው ከሆነ ለዚያው መጠን ወደ 285 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ቀሪውን ውሃ ሙሉበት። ግን ጠርሙሱን አንብቡ። ቆዳ ላይ ለማሸት የሚሸጠው አንዳንዱ ሽቶና ቅባት ተጨምሮበታል፤ እሱ ሸክላ አጠገብ አይድረስ። በሌላ በኩል የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለክምችቱ የሚያዘጋጀው ማጠቢያ ተርጂቶል የሚባል ሰርፋክታንት በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠበት ነው፤ አልኮል የለውም። አልኮል የቪኒሉን ማለስለሻ እያወጣ ያደርቀዋል የሚሉ አሉ፣ ለደቂቃዎች ነክቶ ለሚተን ነገር ምንም አይሆንም የሚሉም አሉ። የእኔ አቋም? በአፌ አልኮል አያስፈልግም እላለሁ። በእጄ ግን የጣት አሻራ የሞላበት ሸክላ ሲገጥመኝ እጨምራለሁ። ቅባት ቶሎ ይፈታል፣ ሸክላውም ቶሎ ይደርቃል። ትዕግሥቴ አጭር ነው።

አሁን ወደ ነጩ ዝቃጭ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቆሻሻውን ራሱን ነበር። ፈሳሹ ፈታው፣ እኔ አላነሳሁትም፣ መርፌው አነሳው ብዬ። ምክንያታዊ ነው። ግን ደግሜ ሳጥብም ዝቃጩ አልቀነሰም። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ በየእጥበቱ መቀነስ ነበረበት። ስለዚህ የሚመጣው ከሸክላው ሳይሆን እኔ ከምጨምረው ነገር ነው ማለት ነው።

ያኔ ነው መስታወቱን ያወጣሁት። ከሁሉም ዕቃዬ የምወደው አሁን እሱ ነው፤ ተራ የእጅ መስታወት። በደንብ ይጠረግና የምትጠረጥሩት ፈሳሽ ሁሉ አንዳንድ ጠብታ በተርታ ይቀመጥበታል። አትንኩት፣ አትንፉበት፣ በራሱ ይድረቅ። ከዚያ በጨለመ ክፍል የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ መብራቱ መስታወቱን ልሶ እንዲያልፍ።

የቧንቧ ውሃው ጠብታ በነበረበት ቦታ ዳሩ የደመቀ ነጭ ቀለበት አለ። በጥፍር ስትነኩት ይሻክራል። ዲስቲልድ ውሃው ያረፈበትን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተበጠበጠበት የሚያጣብቅ እድፍ ትቷል፣ ጣት ሲያርፍበት አሻራ ይቀራል። የእኔው ፈሳሽ፣ ያ የምኮራበት፣ ስስ ሽፋን ትቷል። መብራቱን ስታዘነብሉት ዘይት ውሃ ላይ ሲፈስ የሚታየው ዓይነት ቀለም ይወጣዋል። ሙሉውን 5 ሚሊ ሊትር ያደረግሁበት ቅልቅል ይበልጥ ይታያል፣ ግማሹ ያነሰ ነው። ግን ሁለቱም አሉ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ሰርፋክታንት አይተንም። ውሃው ሲሄድ እሱ ይቀራል፣ ያውም የለቀቀውን ቆሻሻ አብሮ ይዞ። ታዲያ እኔ እኮ አለቀልቅ ነበር! ካጠብኩ በኋላ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ። ለዚህ ነው ነገሩ ያናደደኝ። ማለቅለቅን የሚመክር ሁሉ የሚለውን እያደረግሁ ዝቃጩ አልሄደም።

ጥፋተኛው ብሩሹ ሆኖ ተገኘ። ያጠብኩበትንና ያለቀለቅሁበትን ውሃ ለየብቻ አድርጌያለሁ፣ ብሩሹ ግን አንድ ነው። በላዩ ውሃ ስለሚፈስበት የጠራ ይመስላል። የብሩሽ ፀጉር ግን ሥር ሥሩን ብዙ ፈሳሽ ይይዛል። አጥቤ፣ በንጹሕ ውሃ ነክሬ፣ አራግፌ፣ ከዚያ ፀጉሩን በጣቶቼ ጨምቄ መስታወቱ ላይ ጠብ አደረግሁ። ሲደርቅ ያው ቀለም። «ንጹሕ» በምለው እጥበት ሰርፋክታንቱን መልሼ እየቀባሁት ነበር።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሁለት ብሩሽ። አንዱ ለማጠቢያው፣ አንዱ ለማለቅለቂያው ብቻ። እጀታቸው ላይ ምልክት አድርጉ፣ አለበለዚያ አንድ ቀን ይቀያየራሉ። ጨርቁም እንደዚሁ። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ሲታጠብ ልብስ ማለስለሻ ከገባበት ሽፋን ይዞ ይመጣል፤ ያለ ማለስለሻ ታጥቦ ደጋግሞ በውሃ መለቅለቅ አለበት። መስታወቱ ላይ ጨምቃችሁ ፈትኑት።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ሸክላውን ጠፍጣፋና ንጹሕ ነገር ላይ አስተኛለሁ። መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት ውሃ እንዳይነካው እሸፍነዋለሁ። ፈሳሹን አፈሳለሁ፣ በብሩሹ የቦዩን አቅጣጫ ተከትዬ እዞራለሁ፤ አቋርጬ አላሽም። ትንሽ አቆየዋለሁ፣ ግን እንዲደርቅበት አልፈቅድም። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ፈሳሹ ሸክላው ላይ መድረቅ የለበትም፣ ቆሻሻውን እንደያዘ መነሳት አለበት። ሸክላ የሚያጥቡት የመምጠጫ ማሽኖች የሚበልጡን በዚህ ነው፤ ፈሳሹን ሳይደርቅ ይስቡታል። እኛ ደግሞ ጨርቅ አለን። በጨርቅ ጫን ብዬ አስመጥጣለሁ እንጂ አልጠርግም። ከዚያ ዲስቲልድ ውሃ በሁለተኛው ብሩሽ፣ በሌላ ጨርቅ ማስመጠጥ። ያንኑ አንዴ መድገም። ከዚያ አቁሞ ማድረቅ።

ዝቃጩ ሄደ። መርፌው ገጹን ጨርሶ ሲነሳ ጫፉ ባዶ ነው። በነገራችን ላይ መርፌውን ስታጸዱ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ነው፣ ወደ ጎን ከገፋችሁት ልታጣምሙት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ጭርጭርታው ሁሉ አልጠፋም። ከመታጠብ ብዙ የምንጠብቅ ይመስለኛል። ጆሯችሁን ስጡት። በደቂቃ 33⅓ ዙር የሚሄድ ሸክላ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.8 ሰከንድ ነው። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ በየ1.8 ሰከንዱ እኩል እየተመለሰ ከሆነ ቦዩን ያቋረጠ ጭረት ነው፤ የትኛውም ፈሳሽ አያድነውም። በ45 ዙር ከሆነ ወደ 1.3 ሰከንድ ይወርዳል። ቆሻሻ እንዲህ ሥርዓት የለውም፣ እዚህም እዚያም ይጮኻል። ሌላም አለ፦ በስቴሪዮ ሸክላ የቦዩ አንዱ ግድግዳ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምፅ ይይዛል። ጭርጭርታው ከአንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ የሚወጣ ከሆነና ከእጥበት በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ሸክላው አዘንብሎ ሲደርቅ ቅሪቱ በአንድ በኩል እንደተቀመጠ እጠረጥራለሁ። ደግሜ አለቀልቀዋለሁ።

ስለ ሌሎች ዘዴዎች ያለኝን አስተያየት ሳልናገር አልሄድም። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቅባት ያነሳል፣ ልክ ነው። ግን ሽቶውም፣ ቀለሙም፣ ማወፈሪያውም አብሮ ይመጣል። መስታወቱ ላይ ያየሁት ይበቃኛል። የመስኮት ማጽጃ ለመስኮት ነው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ ሸክላው ያበራል፣ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። የእንጨት ሙጫ ቀብቶ ሲደርቅ መላጥ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ሠርቶላቸው የሚምሉ አሉ። ቪዲዮው ሲታይ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ሙጫው አንድ ቦታ ቀጥኖ ከተቀባ ይቆረጥና ቁራጩ ቦዩ ውስጥ ይቀራል። እኔ አልሞክረውም። ሙቅ ውሃም አይሆንም። ቪኒል ሙቀት አይችልም፣ ይጣመማል፤ ለብ ካለ አትለፉ።

ፈሳሹን በብዛት አትቀምሙ። አልኮል የሌለበት ቅልቅል ሲቆይ ውስጡ ነገር ሊያበቅል ይችላል። ጠርሙሱ ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፉ፣ የመጠጥ ጠርሙስ አትጠቀሙ፣ በተለይ ልጅ ባለበት ቤት። አይሶፕሮፒል በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ መስኮት ክፈቱ፣ ሻማና ሲጋራ ይራቅ። የታጠበውን ሸክላ ደግሞ ወደ አሮጌው የውስጥ ወረቀት አትመልሱት። ያ ወረቀት የዓመታት አቧራ ይዟል። ይህን ምክር ለሰው ሁሉ እሰጣለሁ፤ የራሴ መደርደሪያ ላይ ግን ታጥበው አሮጌ ወረቀታቸው ውስጥ የተመለሱ አሉ። አዲስ ወረቀት እስኪገዛ ነው።

የቀረኝ የሼላኮቹ ጉዳይ ነው። በ78 ዙር የሚሄዱት የድሮ ሸክላዎች አብዛኞቹ ቪኒል ሳይሆኑ ሼላክ ከሚባል የተፈጥሮ ሙጫ የተሠሩ ናቸው። አልኮል ሼላክን ያሟሟዋል። ከላይ የጻፍኩት አልኮል ያለበት ቅልቅል እነሱን ከነካ ድምፁ ራሱ ነው የሚታጠበው። ለእነሱ ዲስቲልድ ውሃና ያችኑ ትንሽ ፎቶ ፍሎ ብቻ ነው የማደርገው። ውሃውም ብዙ መቆየት የለበትም፣ ቶሎ መድረቅ አለባቸው። እዚያ ላይ ነው የተያዝኩት፤ ያለ አልኮል ቶሎ ማድረቅ አልቻልኩበትም። በአየር ማራገቢያ ሞክሬ ማራገቢያው አቧራ እየነፋ መለሰብኝ። የሚሠራ መንገድ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ሳይታጠቡ የሚጠብቁኝ ክምር አሉ።